ለአራት ዓመት ልጅ ዓለምን ማስተማር ከየት ይጀመራል?

ብዙ ኬጂዎች በዓመት አንድ «የባህል ቀን» አላቸው። አዲስ አበባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ህዳር 29 አካባቢ ይውላል፤ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ነውና። ውጭ አገር ደግሞ «ዓለም አቀፍ ቀን» ይባልና ልጆቹ የወላጆቻቸውን አገር ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። እናቶች ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ሲያፈላልጉ፣ ሲከራዩ፣ ሲያሳጥሩ ይሰነብታሉ። ልጆቹ ይጨፍራሉ፣ ምግብ ይቀመሳል፣ ፎቶ ይነሳል። በማግስቱ ሁሉም ዩኒፎርሙን ለብሶ ወደ ፊደሉ ይመለሳል።

ቀኑ ደስ ይላል፤ ልጆቹም ይወዱታል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀን ይዘውት የሚሄዱት ነገር ነው። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ የሩቅ ሰዎችን ያየችው ጌጥ አድርገው ሲጨፍሩ ብቻ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ማለት ጌጥ አድርጎ የሚጨፍር ሰው ይሆንባታል። እነዚያ ሰዎች ልጃቸውን እንደሚያጥቡ፣ ሥራ እንደሚሄዱ፣ ማታ «ተኛ!» ብለው እንደሚቆጡ አላየችም። ከእሷ ጋር የሚያመሳስላቸው ነገር በሙሉ ከመድረኩ ጀርባ ቀርቷል።

ችግሩ ዛሬ የታየ አይደለም። ሉዊዝ ደርማን-ስፓርክስ የተባሉ የካሊፎርኒያ የሕፃናት ትምህርት ባለሙያና ባልደረቦቻቸው በ1989 ባሳተሙት ሥራ «የቱሪስት ካሪኩለም» ብለውታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ልጆቹ አንድን ሕዝብ ሄደው ያዩታል፣ ምግቡን ይቀምሱለታል፣ ይመለሳሉ። ከሳምንት በኋላ ያ ሕዝብ ከክፍሉ ጠፍቷል፤ እስከ መጪው ዓመት ማንም አያነሳውም።

የእኔ እምነት ይህ ነው፦ ትንሽ ልጅ ስለ ዓለም የሚማረው ከሚያውቀው ሰውና ከአዘቦት ቀን ነው። የአዘቦት ቀኑ ደግሞ ያለው በቤተሰብ እጅ ነው። መምህሯ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን፣ የሠላሳ ልጅ ቤት ውስጥ ያለውን እውቀት ብቻዋን ልታውቀው አትችልም። ስለዚህ ቤተሰብና ጎረቤት ካልገቡበት ይህ ትምህርት አይሆንም።

«አገር» የሚባለው ነገር ለልጅ ገና ነው

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ከአንዲት ባልደረባቸው ጋር ሆነው የጄኔቫን ልጆች ስለ አገር ጠይቀው ነበር። ውጤቱ የታተመው በ1951 ነው። ትንንሾቹ «ጄኔቫ ያለችው ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው» ይላሉ፤ ከትልልቆች ሰምተውታልና። ሁለቱን በክብ ሳሉ ሲባሉ ግን ሁለት ክብ ጎን ለጎን ያደርጋሉ። «አንተ ስዊዘርላንዳዊ ነህ?» ሲባሉ «አይ፣ እኔ የጄኔቫ ነኝ» የሚሉ ነበሩ። አንድ ሰው ሁለቱንም መሆን የሚችል አይመስላቸውም። ነገሩ ቀስ በቀስ የሚገባቸው ከሰባትና ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

እስቲ አስቡት። ከተማ አገር ውስጥ እንዳለ ላልገባው ልጅ «ብራዚል በደቡብ አሜሪካ የምትገኝ አገር ናት» ብንለው ምን ይጨብጣል? የብራዚልን ባንዲራ ቀለም ሊቀባ ይችላል። ያን ዕለት የተማረው ቀለም መቀባት ነው።

ሰው ግን ይገባዋል። ፊት፣ ድምፅ፣ ጠረን፣ የሚሠራ እጅ። ይህ ደግሞ በጣም ቀድሞ ይጀምራል። በ2005 እንግሊዝ ውስጥ ተሠርቶ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት የነጭም ሆነ የጥቁር ፊት ሲያሳዩአቸው አያዳሉም። ሦስት ወር ሲሞላቸው ግን የራሳቸውን ወገን ፊት ረዘም አድርገው ያያሉ።

በዓመቱ፣ በ2006፣ የወጣው ጥናት ደግሞ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ያይር ባር-ሃይም የተባሉ እስራኤላዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የሦስት ወር ሕፃናትን በሦስት ወገን አዩ። አንደኞቹ እስራኤል ውስጥ የሚያድጉ ነጭ ሕፃናት ናቸው። ሁለተኞቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያድጉ ኢትዮጵያውያን። ሦስተኞቹ ቤተሰቦቻቸው ወደ እስራኤል ገብተው መርከዝ ክሊታ (አዲስ ገቢዎች በሚቆዩበት መኖሪያ ግቢ) ውስጥ የሚኖሩ፣ ከጥቁሩም ከነጩም ፊት ጋር በየቀኑ የሚውሉ የኢትዮጵያውያን ልጆች። የመጀመሪያዎቹ ነጭ ፊት ላይ፣ ሁለተኞቹ ጥቁር ፊት ላይ ዓይናቸው ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። ሦስተኞቹ አላዳሉም።

ይህን ጥላቻ ብሎ መተርጎም ስህተት ነው። የሦስት ወር ልጅ ማንንም አይጠላም፤ ዓይኑ የለመደውን ይፈልጋል እንጂ። ለእኔ ትልቁ ነገር ሦስተኛው ወገን ነው። እነዚያ ሕፃናት ማንም ስለ ባህል ትምህርት አልሰጣቸውም። ግቢያቸው ውስጥ የሚያቅፏቸው፣ የሚያጫውቷቸው ሰዎች ብዙ ዓይነት ነበሩ፤ በቃ።

ስድስት ኪሎ ያለው ትምህርት

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። የኢትኖግራፊ ኤግዚቢሽኑ አንድ የሚያስገርም ነገር አለው። ዕቃዎቹ «የዚህ ብሔረሰብ፣ የዚያ ክልል» እየተባሉ አልተደረደሩም። የተደረደሩት በሰው ዕድሜ ነው። ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከዚያ በኋላ ያለው። ጎብኚው ከአንድ ሕዝብ ወደ ሌላ ሕዝብ አይዘልም። ሁሉም ሰው የሚወለድ፣ የሚጫወት፣ የሚሠራ፣ የሚሞት መሆኑን እያየ፣ በየመንገዱ ግን እንዴት እንደሚለያይ እየተመለከተ ያልፋል።

ለኬጂ መምህራን ከዚህ የተሻለ አርአያ አላውቅም። «ይህ ሳምንት የኬንያ፣ የሚቀጥለው የቻይና» ከማለት «ይህ ወር የእንቅልፍ፣ የሚቀጥለው የዳቦ» ማለት ነው። ሁሉም ልጅ ይተኛል፤ ሁሉም ልጅ ይበላል። ስለዚህ ማንም ልጅ ተመልካች ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ዳቦን እንውሰድ። አንድ የማርማላታ ጠርሙስ፣ የጤፍ ዱቄት፣ ውሃና እርሾ ይበቃል። የአንዷ ልጅ አያት ይመጡና ልጆቹ ፊት ያቦኩታል። ጠርሙሱ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። በየጠዋቱ ልጆቹ ሊጡ የደረሰበት ቦታ ላይ ትንሽ ፕላስተር ይለጥፋሉ። ኩፍ ሲል ያያሉ። አረፋው ከሥር እየተነሳ ሲወጣ ያያሉ። ያሸቱታል፤ «ይሸታል!» ብለው አፍንጫቸውን ይይዛሉ፣ ከዚያ ደግመው ያሸቱታል። በሦስተኛው ቀን አያት ተመልሰው ይመጣሉ፤ ላዩ ላይ የቀረረውን ውሃ ይደፋሉ፣ አብሲት ይጥላሉ፣ ልጆቹ ራቅ ብለው እያዩ ምጣዱ ላይ ያሰፉታል። ያ ሲመለከቱት የሰነበቱት አረፋ የእንጀራው ዓይን ሆኖ ይወጣል። ይህን ያየ ልጅ እድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

አሁን ሌላዋ እናት ትምጣ። አዲስ አበባ ዛሬ ሱዳናውያን፣ የመኖች፣ ኤርትራውያን፣ ሶማሌዎች አሏት። የሱዳኗ እናት ከማሽላ ሊጥ የሚጋገረውን ስስ ኪስራ ታሳያለች። የየመኗ ላሑሕ ትጋግራለች፤ እሱም ዓይን አለው! ሕንዳውያን ባሉበት ከተማ ደግሞ ሩዝና ጥራጥሬ ተነክሮ፣ ተፈጭቶ፣ አድሮ የሚቦካው የዶሳ ሊጥ ይመጣል። ልጆቹ ያለ ማንም ስብከት «የእነሱም ኩፍ ይላል» ይላሉ። ልዩነቱንም ያያሉ፤ ይሄ ስስ ነው፣ ያ ወፍራም ነው፣ ይሄኛው ይኮመጥጣል። መጀመሪያ መመሳሰሉን ስላዩ ልዩነቱ አያስፈራቸውም።

ቤተሰብን እንዴት እንጠይቅ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ትምህርት ቤት የሚሳሳተው። በኮሚዩኒኬሽን ቡክ ላይ «ውድ ወላጅ፣ ዓርብ ስለ ባህልዎ ገለጻ እንዲያደርጉ ተጋብዘዋል» ብሎ ይጽፋል። ገለጻ! አብዛኛው ወላጅ ይሸሻል። እንግሊዝኛዬ አይሆንም፣ ሥራ አለብኝ፣ ምን የሚነገር ነገር አለኝ ይላል። የሚመጡት ሁልጊዜ ያው ሦስት አራት ወላጆች ይሆናሉ።

ጥያቄው ሲቀየር መልሱም ይቀየራል። «ልጅዎ ሲያለቅስ በምን ያባብሉታል?» «ስሙን ማን አወጣለት? ለምን?» «ጥርሱ ሲወልቅ ምን ታደርጉታላችሁ?» እነዚህን የማይመልስ ወላጅ የለም። የጥርሷ ጥያቄ በተለይ ለስድስት ዓመት ልጆች ወርቅ ናት፤ የሁሉም ጥርስ እየወለቀ ነዋ። አሜሪካ ውስጥ ትራስ ሥር ትቀመጣለች። ስፔን ውስጥ አይጥ መጥታ ትወስዳታለች። ጃፓን ውስጥ የታችኛዋ ወደ ጣራ፣ የላይኛዋ ወደ መሬት ትወረወራለች። የእናንተስ ቤት?

አሪዞና ግዛት ቱሳን ከተማ ላይ የተሠራ አንድ ሥራ ይህን በደንብ ያሳያል። ሉዊስ ሞል፣ ኖርማ ጎንዛሌዝና ባልደረቦቻቸው በ1992 ነው ያሳተሙት። መምህራን የሜክሲኮ ተወላጅ የሆኑ ተማሪዎቻቸው ቤት ይሄዱ ነበር። የሚሄዱት ወላጅን ሊመክሩ ወይም ሊገሥጹ አልነበረም፤ ሊጠይቁና ሊማሩ ነበር። ድሃ ናቸው፣ አልተማሩም የተባሉት ቤተሰቦች ስለ እርሻ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ግንባታ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ባህል መድኃኒት ብዙ ያውቁ ነበር። አንዲት መምህር ተማሪዋ ከሜክሲኮ የመጣ ከረሜላ እንደሚሸጥ አወቀች። ከዚያ ተነስታ ክፍሉን በሙሉ ከረሜላ እንዲያጠና አደረገችው። አንዲት እናት ክፍል ድረስ መጥተው ፒፒቶሪያ የሚባለውን የሜክሲኮ ጣፋጭ አሠራር አሳዩ። ተማሪዎቹ ከኬጂ ከፍ ያሉ ስለነበሩ የሁለቱን አገር ከረሜላ ምን ከምን እንደሚሠራ አነጻጸሩ። ያን ዕለት ክፍሉን ያስተማሩት እናትየዋ ናቸው።

ክፍል መምጣት የማይችሉ ወላጆችም አሉ። የሌሊት ሽፍት የሚሠራ አባት፣ ታክሲ ላይ የሚውል አባት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሱቅ የምትከፍት እናት። ለእነሱ ስልክ አለ። እሹሩሩውን በቴሌግራም ድምፅ ቀድተው ይላኩ። የእንቅልፍ ሰዓት ሲደርስ መምህሯ ታሰማለች፤ ዛሬ የዚህ ልጅ አባት፣ ነገ የዚያች ልጅ እናት። አባቱ ሲያንጎራጉር ክፍሉ ሁሉ ጸጥ ብሎ ሲሰማለት የልጁን ፊት ማየት ነው።

ቋንቋም ሰበብ መሆን የለበትም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በ2004 የወጣ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች፣ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን ጨምሮ፣ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አማርኛም በሰፊው ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ወላጆች፣ ይህን ጠይቁ፤ ውለታ አይደለም፣ መብት ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ብዙው ነገር አስተርጓሚም አይፈልግም። ልጅ ሊጠብቁ ከአገር ቤት የመጡ አያት አንድም እንግሊዝኛ ሳይናገሩ ክፍሉን ቀጥ ማድረግ ይችላሉ። አሻንጉሊት ይስጧቸውና በነጠላ ወይም በአንቀልባ እንዴት እንደሚታዘል ያሳዩ። ሃያ ልጅ ተሰልፎ አሻንጉሊቱን ያዝላል። ከዚያ የጋና እናት በጨርቋ ታሳይ። ኮሪያውያን ፖዴጊ የሚሉትን ማዘያ ያምጡ። መምህሯ ደግሞ የኢኑዊት እናቶች በረዶ አገር ላይ ልጃቸውን በካፖርታቸው ጀርባ ውስጥ እንዴት እንደሚይዙ በፎቶ ታሳይ። አራት ዓመት ልጅ ስለ አየር ንብረት ሳይነግሩት «እዚያ ብርድ ስለሆነ ነው» ብሎ ራሱ ይደርስበታል።

ሽማግሌዎች የያዙት ትምህርት ቤት

ማኅበረሰብ ሲገባበት ምን ያህል ርቀት እንደሚኬድ ለማየት ኒውዚላንድን ማየት ይጠቅማል። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ቋንቋቸው እየሞተ ነበር። የሚናገሩት ሽማግሌዎች ብቻ ቀርተው ነበር፤ ልጆቹ እንግሊዝኛ ብቻ። በ1982 ዋይኑዮማታ በሚባል ቦታ፣ ከዋና ከተማዋ ዌሊንግተን አጠገብ፣ ኮሃንጋ ሬኦ («የቋንቋ ጎጆ») የሚባለው የሕፃናት መዋያ የመጀመሪያው ተከፈተ። አያቶች ከሕፃናት ጋር ተቀምጠው በማኦሪኛ ብቻ ያጫውቷቸው፣ ይመግቧቸው፣ ያስተኟቸው ጀመር። ቤተሰቡ ራሱ ያስተዳድረዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመላ አገሪቱ በመቶ የሚቆጠሩ ሆኑ። በ1987 ማኦሪኛ ይፋዊ ቋንቋ ተባለ። በ1996 ኒውዚላንድ ለሁሉም ሕፃናት ያወጣችው ሥርዓተ ትምህርት ከአራቱ መሠረተ ሐሳቦች አንዱን «ቤተሰብና ማኅበረሰብ» አደረገው።

የእኛም ሰፈር የጎደለው የለም። ወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት) አለ፣ ዕድር አለ። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ አለ፤ ልጆቹን ወስዶ እጁና እግሩ በአንድ ጊዜ ሲሠራ ማሳየት የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። ገበጣ የሚችሉ አባቶችም አሉ። ገበጣን በተለይ እወደዋለሁ፤ ልጅ ሳያውቀው መቁጠር ይለማመድበታል፣ ዓለምንም ያገናኛል። ጋናዎች ኦዋሬ ይሉታል፣ ታንዛኒያና ኬንያ ባኦ አለ፣ ኢንዶኔዥያ ቾንግክላክ፣ ፊሊፒንስ ሱንግካ። ዱባይ ወይም ቤሩት የፊሊፒን ጎረቤት ያላችሁ ጠይቋት፤ ጉድጓዱን ገና ስታይ ፈገግ ትላለች። ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንድ ልጅ «እኛ ቤት እንዲህ አይደለም የሚጫወቱት» ሲል፣ መምህሯ «እንግዲያው የእናንተን አሳየን» ትበል።

አስቸጋሪው ክፍል

ልጆች ይጠይቃሉ፤ ጮክ ብለው ነው የሚጠይቁት። «ሚስ፣ እሱ ለምን ጥቁር ሆነ?» «እናቷ ለምን ተሸፈነች?» ትልቅ ሰው ደንግጦ «እሽ! ነውር ነው» ይላል። ልጁ ከዚህ የሚማረው ቆዳም ሻሽም የሚያሳፍር ነገር መሆኑን ነው። አጭርና እውነተኛ መልስ ይበቃዋል። «ቆዳችን ውስጥ ሜላኒን የሚባል ቀለም አለ፤ እሱ ብዙ አለው፣ አንተ ትንሽ አለህ። ከእናትና ከአባት ነው የሚመጣው።» «እናቷ ሙስሊም ናት፤ በእምነቷ እንዲህ ትለብሳለች።» አለቀ። ልጁ ወደ ጨዋታው ይመለሳል።

ምግብ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ሥጋ እንደማይበላ ሁላችንም እናውቃለን። ጾም አለ። ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ የማይስማማው ልጅ ይኖራል። ቀላሉ መንገድ ሥጋውንም ወተቱንም ትቶ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ ሩዝ ላይ መቆየትና ወላጅን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። በዓልም እንዲሁ። ስለ ጥምቀት ወይም ስለ ኢድ መስማት አንድ ነገር ነው፤ ሥርዓቱን ማስፈጸም ሌላ ነው። የሚጨነቅ ወላጅ ካለ ጭንቀቱ ልክ ነው፤ ቁጭ ብሎ ማነጋገር ይገባል።

የመጨረሻው ለውጭ አገር ወላጆች ነው። ልጃችሁ ክፍሉ ውስጥ ብቸኛው ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ ስቶክሆልምም ይሁን ፍራንክፈርት፣ አንድ ቀን «ስለ ኢትዮጵያ ንገረን» ይባላል። ልጁ እዚያው ተወልዶ ይሆናል። ኢትዮጵያን አንዴ በክረምት አይቷት ይሆናል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብ ጉዳይ በአምስት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ አይጫንም። ቀድማችሁ ለመምህሯ ጻፉላት፦ «ልጄ ስለ አገር ማስረዳት አይችልም፤ ስለ አያቱ ግን ብዙ ያውቃል። ስለ እሳቸው ጠይቁት።» ከዚህ ጋር አንድ የአዘቦት ፎቶ አያይዙ፤ አያቱ ቡና ሲያፈሉ ይሁን፣ ኮንዶሚኒየማቸው ደረጃ ላይ ሆነው በስልክ ሲያወሩ።